ጋሽ ዩሱፍ ያዋሱኝ መጽሐፍ

ባለፈው ቅዳሜ በደሳ መናኸሪያ የጭሮ ሚኒባስ እስኪሞላ ስጠብቅ ለውዝ ገዛሁ። ለውዝ ጥርሴም ጨጓራዬም አይወዱትም፤ ግን ሰው መናኸሪያ ተቀምጦ እጁን ምን ያድርገው? ሻጯ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ አንድ አንድ እያልኩ ስቆረጥም ቆይቼ ወረቀቱ ባዶ ሲሆን እንደ ልማዴ ዘረጋሁት። ሃያ ምናምን ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው የወደቀ ወረቀት ሳያነብ አያልፍም፤ ይኼም አንድ በሽታ ነው። ከመጽሐፍ የተገነጠለ ገጽ ነበር፤ ስለ ስንዴ ዋግ የሚያወራ ተራ ገጽ። ጥጉ ላይ ግን ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ክብ ማኅተም አለበት፤ ግማሹ በለውዙ ዘይት ርሷል፣ ግማሹ ይነበባል። የልጅነቴ ቤተ መጻሕፍት ማኅተም ነው። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ከለውዙ ሥር ያ የአቧራ፣ የሙጫና የአይጥ ሽታ አሁንም አለ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ባይነፋብኝ ኖሮ እዚያው ቆሜ እቀር ነበር።

መጻሕፍቱን ማን እንደሸጣቸው፣ መቼ እንደሸጣቸው አላውቅም። የማውቀው በሕይወት ቢኖሩ ጋሽ ዩሱፍ ያን ቀን እንደሚሞቱ ነው።

ያኔ ጭሮን አሰበ ተፈሪ ነበር የምንላት። ቤተ መጻሕፍቱ ከአስፋልቱ ወደ ላይ በሚወጣው የድንጋይ መንገድ ዳር ያለ አንድ አዳራሽ ነው፤ ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ ሲቀመጡባቸው የሚያቃስቱ አግዳሚዎች፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ሰው የገዛ ሐሳቡን የማይሰማበት የቆርቆሮ ጣሪያ። ከበታቹ ጫት የጫኑ አይሱዙዎች እንደ እብድ እየጮሁ ያልፋሉ። ጋሽ ዩሱፍ የዚያ ቤት ኃላፊም፣ ጸሐፊም፣ ዘበኛም፣ የመጻሕፍቱ ሐኪምም ነበሩ። በወጣትነታቸው ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ሆነው የሠሩ፣ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ከቀትር በኋላ ጉንጫቸው በጫት የሚያብጥ ሰው ናቸው። በሩ ላይ ሁላችንንም እጃችንን ያስዘረጉናል፤ የቆሸሸ እጅ ወደ ቧንቧው ይመለሳል። ገጽ ለመግለጥ ጣቱን በምራቁ ያራሰ ሰውማ ጉዱ ፈላ፤ ምራቅ የነካው መጽሐፍ ጀናዛ ነው ይሉ ነበር፣ ቀብረነው እንምጣ ወይ እያሉ። ይህን ሲናገሩ የገዛ ጉንጫቸው ጫት እንደ ሞላው ማን ይነግራቸዋል? የተቀደደ መጽሐፍ በጆንያ መስፊያ ሰፍተው፣ ሽፋን ያጣውን ከዱቄት ከረጢት ጨርቅ ቆርጠው ያለብሱታል። መጽሐፍ ከቤቱ አይወጣም። ለአስተዳዳሪም ቢሆን አይወጣም፤ አንድ ጊዜ ለአንዱ ሹም በር ላይ ቆመው «እዚሁ ቁጭ ብለህ አንብብ» ሲሉት በዓይኔ አይቻለሁ።

እህቴ ሊዲያ በአራት ዓመት ታንሰኛለች። ወሬኛ፣ ሯጭ፣ ዳገቱን ከገበያ እስከ ቤታችን አንድ ጊዜ እንኳ ሳታርፍ የምትወጣ ልጅ ነበረች፤ እኔ ከኋላዋ እያለከለክሁ ስመጣ እሷ ደጃፍ ተቀምጣ ለጎረቤት የዕለቱን ዜና ጨርሳለች። ችግሯ ጉሮሮዋ ነው። በየክረምቱ ያማታል። እማዬ የበደሳ ልጅ ናትና በእነሱ ቤት እንጥል ያላስቆረጠ ሰው የለም፤ ይዛት ወርዳ አስቆረጠቻት። በሌላው ክረምት ጉሮሮዋ እንደገና ታመመ፣ ያ በተሻላት በሁለት በሦስት ሳምንቱ ደግሞ ጉልበቷ አበጠ። ጉልበቷ ሲሻላት ቁርጭምጭሚቷ፣ እሱ ሲሻላት ክርኗ፤ እብጠቱ ከቤት ቤት እየዞረ እንደሚያድር ዘመድ ሆነ። ብርድ ነው ተባለ። ነጭ ሽንኩርት ተቀብታ፣ በሻርፕ ተጠቅልላ ከረመች። ከዚያ አንድ ቀን ዳገቱን ስንወጣ ሦስት ጊዜ አረፈች፤ ሦስተኛው ላይ ደረቷን ይዛ «ራሒ፣ አየሩ አልቆ ነው እንዴ?» አለችኝ። አሥር ዓመቷ ነበር።

ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ አለች እማዬ። ልቧ ተነክቷል፣ በየአራት ሳምንቱ መርፌ ትወጋ ብሎ ካርዷ ላይ ጻፈ። ወረፋው እስከ ደጅ ድረስ ነበርና እማዬ ሌላ ምንም ሳትጠይቅ ወጣች። ያኔ ሐኪምን ማን ይጠይቃል? እሱ ይጽፋል፣ አንተ ታመሰግናለህ፣ ትሄዳለህ።

አባባ ሚኤሶ ጎማ ቤት ነበር የሚሠራው። ሳምንቱን እዚያ ቆላ ከርሞ ቅዳሜ ቅዳሜ የግመል ወተት በጄሪካን አንጠልጥሎ ይመጣል። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ብቻ ስለተማረ የተጻፈ ነገር ያከብራል፤ ከተጻፈ ተጽፏል ይላል፣ የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለውን እንኳ ኮፍያውን አውልቆ ነው የሚያነበው። የሊዲያን ካርድ ገልብጦ ገላልጦ አየና ሰጠኝ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ፣ አንቺ እንግሊዝኛ ትችያለሽ፣ ቤተ መጻሕፍት ሂጂና ይህ በሽታ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልግ አጥንተሽ በየቅዳሜው ንገሪን አለኝ። እንግሊዝኛ የምችለው እንደ ስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚባለው ለእኔ ሳይሆን አይቀርም፤ ግን ቤታችን ውስጥ ሌላ የሚያቦካ አልነበረም።

የመጀመሪያው ጥናቴ መሳቂያ ነው። የጤና መጻሕፍቱ በአንድ ሣጥን ከግብርናዎቹ ጋር ስለመጡ ጋሽ ዩሱፍ አንድ ላይ ነበር የደረደሯቸው፤ እኔም መዝገበ ቃላት ይዤ፣ መገጣጠሚያ የሚያብጥበት በሽታ የሚል ምዕራፍ አግኝቼ፣ አራት ቀን ሙሉ ገልብጬ፣ ቅዳሜ በኩራት ቆሜ አነበብኩ። በሽተኛዋ እትብቷ በአዮዲን እንዲታጠብና ከእናቷ ጡት እንዳትለይ ይመከራል አልኩ። እማዬ ሊዲያን አየቻት። አባባ ትንሽ አሰበና በጣም በዝግታ፣ እንዳይከፋኝ ተጠንቅቆ፣ ይኼ የሰው ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የጥጃ ነበር። ሊዲያ ሳምንቱን ሙሉ እምቧ እያለች ስትከተለኝ ከረመች።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ዩሱፍ ራሳቸው ገቡበት። ሐኪሙ ካርዱ ላይ የጻፈውን እኔ የዶሮ ጭረት ነው ብዬ ትቼው ነበር፤ እሳቸው ግን በባቡር ጣቢያው የስንቱን የእጅ ጽሑፍ ሲያነቡ የኖሩ ናቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ፊደል በፊደል አወጡት። ከመደርደሪያው ላይኛው ረድፍ አንድ ወፍራም የሕክምና መጽሐፍ አወረዱ፤ ከጀርባው የዱቄት ፋብሪካው የስንዴ ዘለላ የታተመበት ጨርቅ የለበሰ። «ኢንተለኮ፣ የሰው ይኼ ነው» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ኦሮምኛውን የሚጨምሩት ሲራሩ ብቻ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ በየቀኑ ጎን ለጎን እንቀመጣለን፤ እሳቸው ጫታቸውን በር ላይ ትተው፣ አፋቸውን ተጉመጥምጠው ይመጣሉ። የእሳቸው እንግሊዝኛ ከእኔ ብዙም አይሻልም፤ በመካከላችን መዝገበ ቃላቱ እንደ ሽማግሌ ይቀመጣል። አንዳንድ ቀን በሁለት ሰዓት ሦስት መስመር ነበር የምንሄደው። ደስታዬን ግን ልናገር፤ ዕድሜ ልኬን እንደዚያ አጥንቼ አላውቅም። አንድ ዓረፍተ ነገር ሲፈታልን ጋሽ ዩሱፍ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ቀስ አድርገው መታ ያደርጋሉ፣ ያው ዝም በሉ የሚለው ደንብ እሳቸውንም ይመለከታልና።

ቅዳሜ ቅዳሜ ለቤተሰቡ እናገራለሁ። የጉሮሮው ሕመም ካልታከመ መገጣጠሚያን አልፎ ልብን እንደሚነካ፣ የልብ በር እንደሚጠብ፣ መርፌው የገባውን በሽታ ለማውጣት ሳይሆን ጉሮሮዋ ደግሞ እንዳይታመም ለመጠበቅ እንደሆነ ነገርኳቸው። እማዬ ስለ እንጥሉ አለቀሰች። አባባ በየቅዳሜው መጨረሻ ላይ «እግዚአብሔር ይባርክሽ» ብሎ ጥቁር እጁን ራሴ ላይ ያደርጋል፤ እኔም የጎማ ሽታ ሸትቼ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ።

መርፌው ግን መርፌ ነው። ወፍራም ነው፣ ሲገባ ያቃጥላል፣ ለሦስት ቀን እያነከሰች ነው የምትሄደው። ቀኑ ሲደርስ ሊዲያ ከዋዜማው ጀምሮ ወሬ ታቆማለች፤ ወሬ ስታቆም ቤቱ የሌላ ሰው ቤት ይመስላል። እኔ እጇን ይዤ እወስዳታለሁ፣ ጣቶቼን እስኪያማቸው ትጨብጠኛለች፣ ከዚያ ደብተሯን ተሸክሜ እመልሳታለሁ። ስምንት ወር እንዲህ ሄደ። ሊዲያም ወፈረች፣ ጉንጯ ተመለሰ፣ ዳገቱን አንድ ጊዜ ብቻ አርፋ ትወጣ ጀመር።

ቤታችን የጴንጤ ቤት ነው። በዚያ ዓመት ኮንፈረንስ ተደርጎ ነበር፤ ለበሽተኞች ሲጸለይ ሊዲያ ወረፋ ይዛ ቆመች። ደረቴን ሞቀኝ አለች። ሳቋን እየሰማሁ ነው የምጽፈው። በሚቀጥለው እሑድ እማዬ ይዛት መድረክ ላይ ወጣች፤ ሊዲያ ማይክራፎኑን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ታምሜ ነበር፣ ጌታ ልቤን አድሶልኛል፣ አሁን ዳገት እሮጣለሁ አለች። እልልታው ቆርቆሮውን ያነሳው መሰለኝ። እኔ በመዘምራን መካከል ሰማያዊ ካባዬን ለብሼ እያለቀስኩ አጨበጭብ ነበር። አልዋሽም፤ በሕይወቴ በጣም ደስ ያለኝ ቀን ያ ነው።

በእኛ ዘንድ የመሰከረ ሰው መስክሯል። ያን ሁሉ ሰው እልል አስብለህ ስታበቃ በሳምንቱ ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዘህ አትታይም። የከለከለ የለም፣ የተጻፈ ሕግም አይደለም፤ ግን ወረፋው ላይ የሚያይህ ጎረቤት አለ፣ እሱ ደግሞ አፍ አለው። የመርፌው ቀን ሲመጣ እማዬ ካርዱን ከመሳቢያ አላወጣችም። «ድናለች ብዬ ከሰው ፊት ቆሜ፣ በማግስቱ መርፌ ላስወጋት? በእግዚአብሔር ላይ ማላገጥ አይሆንም?» አለች። ከልቧ ነበር የፈራችው፤ መርፌውን ብታስወጋት ፈውሱ የሚወሰድባት መስሏት ነው።

አባባ ቅዳሜ መጣ፣ ሁሉንም ሰማ፣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ወደ እኔ ዞረ። «መጽሐፉ ምን ይላል? እስከ መቼ ትወጋ ይላል?» አለኝ። እዚያ ገጽ ላይ ገና አልደረስንም ነበር። እንግዲያው ሰኞ ሄደሽ እዪ፣ የሚመጣው ቅዳሜ ንገሪኝ፤ ትወጋ ካለ ትወጋለች፣ ይብቃ ካለ ይበቃል፤ የሚወስነው የተጻፈው ነው አለ። እማዬም እሺ አለች። እንደዚህ ነው የእህቴ ነገር እኔ እጅ የገባው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሊዲያ ከጓሮ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ያን ያህል ወሬኛ ልጅ ቃል ጠፍቷት መሬቱን በእንጨት ትጭራለች። በመጨረሻ ክፍሏ ውስጥ ልጆች ሁሉ ምስክርነቷን እንደሚያውቁ፣ እንደገና ስታነክስ ቢያዩዋት ውሸታም እንደሚሏት ነገረችኝ። ከዚያ ዳሌዋን በእጇ ሸፍና «ራሒ፣ ይበቃል ይላል በዪልኝ» አለችኝ።

ሰኞ ከጋሽ ዩሱፍ ጋር ገጹን አገኘነው። ምንም ጥርጣሬ የማያስገባ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ በሽተኛው ጤነኛ ቢመስልም፣ ምንም ስሜት ባይኖረውም፣ መርፌው ዕድሜው ለአቅመ አዳም እስኪደርስና ከዚያም በኋላ ለዓመታት ሳይቋረጥ መሰጠት አለበት፤ ከተቋረጠ በሽታው ሲመለስ ልብን ከመጀመሪያው ይልቅ ይጎዳል። ጋሽ ዩሱፍ የታጠበ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። «አየሽ? ጤነኛ ብትመስልም ነው የሚለው። ለአባትሽ ይህንኑ ንገሪው» አሉኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን ይዤው ዞርኩ። ቅዳሜ አባባ ወተቱን አስቀምጦ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ እማዬ በር ላይ ቆመች፣ ሊዲያ ከኋላዋ አንገቷን ብቅ አድርጋ አየችኝ። ልናገረው አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

«ካልታመመች ይበቃል ይላል» አልኩ።

ለምን? ይህን ጥያቄ ለራሴ ያላቀረብኩበት ቀን የለም፣ መልሱም አንድ አይደለም። ስለምወዳት ነው። ያ እልልታ ውሸት እንዲሆን ስላልፈለግሁ ነው። በቤቱ ውስጥ እምነት የጎደላት እኔ ብቻ እንዳልባልም ነው። ደግሞም ልጅ ስለነበርኩ፣ መጽሐፉ ስለ ሰው ሁሉ እንጂ ስለ ሊዲያ የሚያውቅ አልመሰለኝም። አባባ ተመስገን አለ። ሊዲያ ሮጣ መጥታ ወገቤን አቀፈችኝ፤ ትንፋሿ ሆዴ ላይ ይሞቅ ነበር።

ክረምቱ ገባ፣ ጉሮሮዋም ታመመ። ቀላል ጉንፋን ነው አልን። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጉልበቷ አበጠ፣ ከዚያ ትንፋሿ ሄደ። አሁን በዳገት ብቻ አልነበረም፤ ከአልጋ እስከ በር ስትሄድ ያልቅባት ነበር። ተኝታ መተንፈስ ስላቃታት በትራስና በማሽላ ጆንያ ተደግፋ ተቀምጣ ታድራለች፤ እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ አለው። ሐኪም ቤት ተመለስን፣ ኪኒን ተሰጣት፣ መርፌውም እንደገና ተጀመረ፤ ሐኪሙ ካርዱን አየና ለምን አቋረጣችሁ ብሎ እማዬን ተቆጣት። እማዬ አንገቷን ደፍታ ቁጣውን ተቀበለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር፣ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ቤተ መጻሕፍቱ ሲከፈት ደርሼ ሲዘጋ እወጣ ጀመር። ትምህርቴን ተውኩ። የሆነ ቦታ፣ ከነዚያ ሁሉ ገጾች መሐል፣ ያደረግሁትን የሚያስተካክል አንድ መስመር ይኖራል ብዬ ነበር፤ አንድ ቅጠል፣ አንድ ምግብ፣ አንድ ኪኒን። ልብ የሚለውን ቃል ከመጽሐፉ ማውጫ ላይ አንድ በአንድ እየተከተልኩ አነበብኩ፣ ሲያልቅ እንደገና ከላይ ጀመርኩ። ሁሉም መንገድ አንድ ቦታ ያደርሰኛል፤ ቀዶ ሕክምና፣ እኛ አገር የሌለ፣ እኛ ያልደረስንበት። አንድ ቀን ጋሽ ዩሱፍ አጠገቤ መጥተው ቁጭ አሉና መርፌዋን ሳታቋርጥ ትወስድ አልነበረም ወይ አሉኝ። ግንባሬን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼ አለቀስኩ፤ እንባ መጽሐፍ እንዳይነካ ደንብ ነበርና መጽሐፉን በእጄ ገፋ አደረግሁት። ሁሉንም እንደ ገባቸው ከትንፋሻቸው አወቅሁ። ከዚያ ተነሥተው መጽሐፉን ትከሻቸው ላይ በነበረው ፎጣ ጠቀለሉና እጄ ላይ አደረጉት።

«ውሰጂው፣ ኢንተለኮ። ደንብ ለጤነኛ ቀን ነው» አሉኝ። በእሳቸው ዘመን ከደጃፉ የወጣ መጽሐፍ እሱ ብቻ ነው።

ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ አነብ ነበር። ሊዲያ፣ እንደኔ ያለች ልጅ አለችበት ወይ፣ ስለሷ አንብቢልኝ ትለኛለች። እኔም ገጹን እያየሁ የሌለ ነገር አነበብኩላት። ልቧ የታመመ አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ እንደነበረች፣ ክረምቱ ሲያልፍ እንደተሻላት፣ መስከረም ላይ ዳገት እንደወጣች። «ስንት ጊዜ አርፋ?» አለችኝ። አንድ ጊዜም አላረፈችም አልኳት። ደስ አላት።

የቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ ሊጠይቋት መጡ። ጸለዩላት፣ ራሷን ዳሰሱ፣ ከዚያ ቀስ ብለው እማዬን መርፌዋን ለምን አቋረጠች አሏት። እማዬ ግራ ገብቷት «መስክረን ነበር እኮ» አለች። መጋቢው ከኮታቸው ኪስ አንድ የኪኒን ሰሌዳ አወጡና አሳዩዋት፤ የደም ግፊት አለባቸው፣ በየጠዋቱ ጸልየው ይውጣሉ። «እህቴ፣ ማን ከለከላችሁ?» አሉ። እማዬ ከቆመችበት መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን በኋላ ድምፅዋ የድሮው አልሆነም።

አባባ ሐረር ይዟት ሊሄድ የጭነት መኪና ለመነ። ጋቢና ውስጥ እቅፉ ላይ ተቀምጣ ሄደች። ሂርና ሳይደርሱ ተመለሱ።

ሐዘኑ እንደተነሣ አባባ መጽሐፉን ከአልጋዋ ራስጌ አየው። አንሥቶ ብብቱ ሥር አደረገና ወጣ፤ እኔ ተከተልኩት፣ ማቆም አልቻልኩም፣ መናገርም አልቻልኩም። በሕይወቱ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ አያውቅም። ጋሽ ዩሱፍ በር ላይ እጁን አላስዘረጉትም። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ድምፁን አላነሣም፣ የሚያነብ ሰው ሁሉ ግን ቀና አለ። «ይኼ መጽሐፍ ዋሽቶ ልጄን ገደለ። ካልታመመች ይበቃል ብሎ ጽፏል። ለምን ታስነብባላችሁ?» አለ።

ጋሽ ዩሱፍ አባባን አዩት፣ ከዚያ እኔን። ገጹን ያውቁታል። በጣታቸው ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ቢከፍቱት፣ ያችን መስመር ለአባባ በአማርኛ ቢነግሩት፣ የመጻሕፍታቸው ክብር በአንድ አፍታ ይመለስ ነበር። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እውነትህን ነው፣ ወንድሜ። አሮጌ መጽሐፍ ነው፣ ተሳስቷል። ቀድሜ ማንሣት ነበረብኝ። አፉ በለኝ» አሉ።

አባባ ራሱን ነቀነቀና ወጣ። ጋሽ ዩሱፍ መጽሐፉን ወስደው ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። እኔ ያን ደጃፍ ዳግመኛ አልረገጥኩም። መንገድ ላይ ስንገናኝ እናትሽ ደኅና ናት ወይ ይሉኛል፣ እኔም ደኅና ናት እላለሁ፤ ስለዚያ ነገር እሳቸውም አላነሡም፣ እኔም አላመሰገንኳቸውም። ሲሞቱ በደሳ ነበርኩ፤ የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። አባባም ሞተ። እስኪሞት ድረስ መጽሐፍ ቤታችን አልገባም፤ የመምህርነት ትምህርቴን ያጠናሁት ጓደኛዬ ቤት ነው። ያ የመድኃኒት ጠርሙስ ለማንበብ ኮፍያውን ያወልቅ የነበረ ሰው በኋላ የተጻፈ ነገር ሲያይ ፊቱን ያዞር ነበር። ከእሱ የወሰድኩት ልጁን ብቻ አይደለም።

ዛሬ ተማሪዎቼ ስለ በሽታቸው ስልካቸውን ከፍተው ያነባሉ፤ ያልገባቸውን ይዘው ሲመጡ፣ መምህር ምን ይላል ሲሉኝ፣ አንዲት ቃል ሳልዘል፣ ክፉውንም ደጉንም እንደ ወረደ አነብላቸዋለሁ። ድርቅ ያለች መምህርት ይሉኛል፣ ስሰማ አይከፋኝም። አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ እንባዋ መጣ፤ ሌላ መምህር ቢሆን ያባብላት ነበር። እኔ አልቻልኩም፣ ገጹን እስከ መጨረሻው አነበብኩላት።

እማዬ አለች። ቅዳሜ ስደርስ በር ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቅ ነበር። ከዚያ ጊዜ ወዲህ መድረክ ላይ ወጥታ አታውቅም፤ ቤተ ክርስቲያን የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች፣ ሰው ሲመሰክር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትስባለች። ሻይ አፈላሁላት፣ የአጎቴን ልጅ ጋብቻ አወራን፣ ዝናቡ ዘንድሮም እንደዘገየ አወራን። ከዚያ፣ በመጣሁ ቁጥር እንደምታደርገው፣ ወሬውን መሐል ላይ አቋረጠች።

«በአፌ ነው የገደልኳት። ባልመሰክር ኖሮ ትወጋ ነበር» አለች።

ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው ይህን ስትል። እኔም እንደ ሁልጊዜው እጇን ያዝኩና «አንቺ አይደለሽም፣ እማዬ» አልኳት። ሌላ ጊዜ ሲሆን ትተነፍስና ትተወዋለች። ያን ቀን ግን ዞር ብላ ፊቴን አየችኝ፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ቢሆንም ቅርቡን ያያል።

«ታዲያ ማን ነው?» አለችኝ።

ሻይሽ እየቀዘቀዘ ነው፣ ጠጪ አልኳት።